የሳህኑ ጀርባ

የኢኒድ ኮክሊ ግራ እጅ ሳህኑ የተቀመጠበትን መዘውር ያዞራል፤ ቀኝ እጇ ዝም ይላል። ሥራው ይኸው ነው። በሳህን ከንፈር ላይ የወርቅ መስመር የሚያወጣው የሚንቀሳቀሰው እጅ ሳይሆን የማይንቀሳቀሰው ነው። ክርኗን ከጠረጴዛው ጠርዝ ታስደግፋለች፤ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ጠጉረ ረጅሙን ቀጭን ብሩሽ ወርቅ አስነክታ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ታሳርፋለች። ሳህኑ አንድ ጊዜ ሲዞር መስመሩ ራሱን በራሱ ይዘጋል። የት እንደተጀመረ፣ የት እንዳለቀ በአጉሊ መነጽር ቢፈለግ አይገኝም። በአሥራ አራት ዓመቷ ጀምራ አሁን ሃምሳ ሰባት ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መጋጠሚያው የሚታይ መስመር ያወጣችው በመጀመሪያው ዓመትና እናቷ በሞተችበት ሳምንት ብቻ ነው።

ወርቁ ሲቀባ ወርቅ አይመስልም። ድፍርስ ቡናማ ነው፤ ድስት ሥር ያረረ ስኳር ነው የሚመስለው። አየር አያደርቀውም፣ ፀሐይም አያደርቀውም። ሳህኑ እቶን ገብቶ እሳት ሲያየው ነው ወርቅነቱ የሚወጣው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በጥፍር ቢፍቁት አይለቅም። በእንግሊዟ የሸክላ ከተማ በሎንግተን ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ዳቦ ሻጩም ያውቃል፣ ቄሱም ያውቃል።

«ለሰውዬው ነው?» አለች ኦሊቭ።

ኦሊቭ ከኢኒድ ቀጥሎ ነው የምትቀመጠው። የታተሙ አበቦችን በውሃ አርሳ ሳህን ላይ ትለጥፋለች፤ እጇ ሲሠራ አፏም ይሠራል።

«ለሱ ነው» አለች ኢኒድ ትንፋሿን ስትለቅ። «ሚስተር ታኒክሊፍ ናቸው ያዘዙኝ።»

«እኔን ቢያዙኝ ኖሮ ከአበባው መሀል ሳማ እለጥፍለት ነበር።»

«ሳማ ከአበቦቻችን ውስጥ የለም።»

«እሾህስ?»

ኢኒድ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ ጽጌረዳዎቹን በቁም ነገር አየቻቸው። «እሾህ አለ» አለች። «ግን ትናንሽ ነው።»

ሰውዬው ከለንደን የሚመጣ የኢንዱስትሪ ምክትል ሚኒስትር ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1981፣ ወሩ ጥቅምት ነው። በመጪው ሐሙስ አንድ አዲስ ሕንጻ ሊመርቅ ይመጣል፤ የታኒክሊፍ ፋብሪካ ደግሞ ከሱ አንድ ነገር ይጠብቃል። የአገሪቱ ሆስፒታሎች በሽተኛ የሚያበሉበት ወፍራም ነጭ ሳህን፣ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ መስመር ያለው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ ከታኒክሊፍ ነበር የሚገዛው። የወርቁ ሳህን ስም ያስጠራል እንጂ ሦስት መቶ አርባውን ሠራተኛ የሚያኖረው ያ ነጭ ሳህን ነው። ውሉ በዚያ ዓመት አለቀ። መንግሥት እንደገና አወዳድሬ እሰጣለሁ አለ። ለታኒክሊፍ ከሰጠ ፋብሪካው ይኖራል፤ ለሌላ ከሰጠ ይዘጋል። ኢኒድ ይህን አሳምራ ታውቃለች። በአርባ ሦስት ዓመት የተማረ እጅ ይዛ ወዴት እንደምትሄድ ግን አታውቅም፤ በምድር ላይ ዝም ብሎ ለሚቆም እጅ ደመወዝ የሚከፍል ሌላ ቦታ የለም።

ሚስተር ታኒክሊፍ ራሳቸው ከፎቅ ወርደው መጡ። የፋብሪካው ባለቤት፣ ሦስተኛው ታኒክሊፍ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሳህኑን ሳይነኩ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

«ጥሩ ነው፣ ኢኒድ። ነገ ይተኮስ። ሐሙስ ዕለት የምትሰጪው አንቺ ነሽ።»

ኢኒድ ብሩሹን አስቀመጠች። «እኔ? እኔ ሰው ፊት መቆም አይሆንልኝም፣ ሚስተር ታኒክሊፍ። ኦሊቭ ትስጠው።»

«ኦሊቭ ከሰጠችው ሳህኑ የሚያርፈው ጭንቅላቱ ላይ ነው።»

«ከነሳጥኑ» አለች ኦሊቭ ቀና ሳትል።

«የምትናገሪው አንድ ቃል ነው፣ ኢኒድ። ‹ከታኒክሊፍ ሠራተኞች› ትያለሽ፣ ፈገግ ትያለሽ፣ ትቀመጫለሽ። ምሳ ላይም ከጎኑ አስቀምጠውሻል። ቅሬታ የለ፣ ነገር የለ። የሁላችንም እንጀራ በዚህ ሰው እጅ ነው፤ ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች ኢኒድ። ብሩሹን ግን መልሳ አላነሳችም። ለማረፊያው ደወል ሩብ ሰዓት ሲቀረው ከቦታዋ ተነሳች፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ማታ ቤቷ ስትደርስ ባሏ ዊልፍ የአጃ ቂጣ በአይብ ጠቅልሎ አሙቆ ይጠብቃታል። ዊልፍ እቶን ጫኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሸክላ በአናቱ ተሸክሞ መሰላል ሲወጣና ሲወርድ ደረቱ አቧራ ሞላ፤ አሁን ጉዞው ከወንበሩ እስከ ምድጃው ነው።

«ደረስሽ፣ ዳክዬ?» አላት። በዚያ ከተማ ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው ዳክዬ ነው፤ አውቶቡስ ነጂውም ለተሳፋሪው፣ ነርሷም ለበሽተኛው።

ኢኒድ ኮቷን ሳታወልቅ ነገረችው።

«ከመንግሥት ጎን ልትቀመጪ ነው በይኛ» አለ ዊልፍ። «መንግሥት ምን ይበላል?»

«ሰው የሚበላውን ይበላላ።»

«‹ሰው› ብለሽ ብታቆሚው ይሻል ነበር።»

ኢኒድ ሳቀች። ዊልፍም ሳቀና ሳሉ ተነሳበት፤ ጀርባውን እያሻሸች ቆመች። ጀርባው ከሸሚዙ ሥር እንደ መሰላል ሆኗል።

ኢኒድ በሕይወቷ በማንም ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ቢሆንም በመንግሥት ላይ ቂም አላት፤ ቂሙም የዛሬ አይደለም። ወርቅ ማስመር በለመደች በአራተኛው ዓመት፣ በጦርነቱ መሀል፣ መንግሥት አበባና ወርቅ ያለው ዕቃ በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ከለከለ። የተዋበው ዕቃ ባሕር ማዶ ሄዶ ዶላር ያመጣል፤ የአገሩ ሰው በነጩ ይብላ ተባለ። ሰው በጦርነት ጊዜ ምን ይላል? እሺ አለ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ክልከላው ሰባት ዓመት ቆየ። ኢኒድ በዚያ መሀል አገባች። ቀን ሙሉ ለባዕድ ሚስቶች ወርቅ ስታሰምር የዋለችው ሙሽራ፣ በሠርጓ ዕለት እንግዶቿን ያበላችው አንዲት መስመር እንኳ በሌለው ራቁቱን በሆነ ሳህን ነበር። ስድስቱ ዛሬም ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ።

በኋላ ደግሞ ሌሎች ሹሞች መጡ። ትንንሽ ስለሆናችሁ ነው የማትጠቅሙት፤ ተዋሐዱ፤ ለተዋሐደ ገንዘብ እንሰጣለን አሉ። ሰባት ፋብሪካ አንድ ሆነ። ሰባት ፋብሪካ አንድ ሆነ ማለት ስድስቱ ተዘጉ ማለት ነው፤ ይህን በጋዜጣ ላይ ማንም እንዲህ አድርጎ አልጻፈውም። ከነሱ ቀጥለው የመጡት መዋሐዱ ስሕተት ነበር፣ እንግዲህ እያንዳንዱ በራሱ ይዋኝ አሉ። የፊተኞቹ ላግዝህ ብለው እጁን አሰሩት፤ የኋለኞቹ ከነእስራቱ ባሕር ላይ ወረወሩትና ዋና የማይችል ሰነፍ ነው አሉት።

ኢኒድ ወደ ታኒክሊፍ ከመምጣቷ በፊት ሥራ የተማረችበት አሮጌው ፋብሪካ ከተዘጉት ስድስቱ አንዱ ነበር። ሊፈርስ ሲል ሰዎች መጥተው የወርቅ ማስመሪያውን ክፍል ወለል ብቻ ጣውላ በጣውላ ነቅለው ወሰዱት። የመቶ ዓመት የወርቅ ጠብታ እንጨቱ ውስጥ ሰርጓል፤ አቃጥለው አመዱን አበጥረው ወርቁን አወጡ። የቀረውን በትልቅ የብረት ኳስ መቱት። ኢኒድ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አይታለች። ሐሙስ የሚመረቀው «የሥራ ፈጠራ ማዕከል» የተሠራው በዚያ መሬት ላይ ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ኢኒድ ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች። ሳህኑ እቶን ገብቶ ወጥቷል፤ ወርቁ በርቷል፤ በጨርቅ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ከላዩ ጭና፣ ከምክትል ሚኒስትሩ ጎን ተቀመጠች። አዳራሹ ገና የቀለም ሽታ አለው። ስልሳ ሰው ተጠርቷል፤ ከየፋብሪካው የተውጣጡ፣ ቄሱ፣ የጋዜጣው ሰው፣ ኦሊቭም በፊት ለፊቱ ጠረጴዛ።

ምክትል ሚኒስትሩ ቀይ ጉንጭ ያለው፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ሰው ነበር። ከምሳ በፊት ተነስቶ ተናገረ። አያቱ ቤት የሎንግተን ስኒ እንደነበረ ተናገረ። ዓለም ተለውጣለች አለ። ከዚያ ሁሉም ሰው የሚጠብቀውን አነሳ።

«የሆስፒታሎቹን ዕቃ በተመለከተ፣ ጭንቀታችሁ ይገባኛል። በግልጽ ልንገራችሁ፤ ምንም የተወሰነ ነገር የለም። በሩ ክፍት ነው። ዛሬ የመጣሁት ላወራ ሳይሆን ልሰማችሁ ነው።»

ሰዎች አጨበጨቡ። ሚስተር ታኒክሊፍ ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ። ኢኒድ ሣጥኑን ስለያዘች አላጨበጨበችም፤ ልቧ ግን ቀለል አላት። ምንም አልተወሰነም ካለ፣ እንግዲያው አንድ ቃል ተናግራ ፈገግ ማለት አያቅታትም።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የሎንግተን ሰው ሳህን ሲቀርብለት ይገለብጣል። ሠርግ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ባሕር ዳር ለዕረፍት ሄዶም ይገለብጣል፤ ከጀርባው የየትኛው ፋብሪካ ማኅተም እንዳለ ሳያይ እህል አይወርድለትም። ጨዋነት ነው ወይስ ነውር ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እጅ በራሱ ነው የሚሄደው። ኦሊቭ በጫጉላዋ ዕለት ባሏን ከማቀፏ በፊት የሆቴሉን ስኒ ገለበጠች ይባላል፤ እሷም አትክድም።

በዚያ ቀን ግን ለአዲሱ ማዕከል ከመንግሥት ዕቃ ቤት የተላኩት ሳህኖች ሞልተው መጡ። የበሬ ሥጋ በወፍራም መረቅ፣ ድንችና አተር። ስልሳ ሰው እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደና እጁ አየር ላይ ቀረ። ኦሊቭ ሳህኗን በሁለት እጇ ከዓይኗ በላይ አንስታ ከሥር ለማየት ሞከረች፤ መረቁ አገጯ ላይ ጠብ አለ።

«ሲዘንብ አይተሽ ነው?» አላት ከጎኗ ያለው ሽማግሌ።

«ዝም በል፣ ዳክዬ። በል ብላ። ቶሎ ብላ።»

ሰው ሁሉ ይበላ ጀመር። ወሬ የለም። የቢላዋና የሹካ ድምፅ ብቻ ነው። ቄሱ እንኳ ሳያላምጡ ይውጡ ነበር።

ምክትል ሚኒስትሩ አዳራሹን ቃኘና ደስ አለው። «እንዲህ የሚበላ ሕዝብ» አላት ኢኒድን፣ «ምንም አልሆነም ማለት ነው።»

«አዎን፣ ጌታዬ» አለች ኢኒድ።

እሷ ዓይኗን ከሳህኗ ጠርዝ ላይ መንቀል አልቻለችም። ሳህኑ ወፍራም ነጭ ነው። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ መስመር አለው። አተሩን በሹካዋ ገፋ ስታደርግ መጋጠሚያውን አየችው፤ የመስመሩ ሁለት ጫፍ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ቀበቶ ተደርቧል። የታተመ ነው፤ እጅ አላሰመረውም። ከታኒክሊፍ ቤት እንዲህ ያለ መስመር ወጥቶ አያውቅም። ምናልባት ከወንዝ ማዶ ያሉት ፋብሪካዎች ማተም ጀምረው ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች።

ሳታስተርፍ በላች። የመጨረሻዋን አተር ዋጠች። መረቁን በዳቦ ጠረገች፤ እናቷ እንዳስተማረቻት ጠርዝ ጠርዙን ሳታስቀር። አፏን አበሰች። ከዚያ ሳህኑን በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ገለበጠችው።

በዚያው ቅጽበት ከየጠረጴዛው የሳህን ድምፅ ተሰማ፤ ገሚሱ ጨርሷል። ከዚያ ዝምታ ሆነ።

ከሳህኑ ጀርባ ዘውድ አለ። ከዘውዱ ሥር «የመንግሥት ሆስፒታሎች» ይላል። ከዚያ የትእዛዝ ቁጥር አለ፤ ከዚያ መጪው ዓመት፣ 1982። ከሁሉም በታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ ባሕር ማዶ ያለ የአንድ ሩቅ አገር ስም።

ኢኒድ የተማረችው ጥቂት ነው፤ ሳህን እንዴት እንደሚወለድ ግን ታውቃለች። ጭቃው ይደርቃል። አንዴ ይተኮሳል። የሚያብረቀርቀው ልባስ ውስጥ ተነክሮ ዳግመኛ ይተኮሳል። መስመርና ማኅተም ሲገባበት ሦስተኛ እሳት አለ። በገለባ ታሽጎ ባሕር ያቋርጣል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ማኅተሙ ይቀረጻል፤ ማኅተም የሚቀረጸው ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። ወደ ኋላ ቆጥራ ፋሲካ ላይ ደረሰች። ሚስተር ታኒክሊፍ ናሙናዎቹን ለመንግሥት የላኩት በሰኔ ነበር። አሥራ ሁለት ሳህን ነበሩ፤ እሷ ናት ያሰመረቻቸው። ለእያንዳንዳቸው ትንፋሿን ይዛለች። ለንደን በደረሱበት ቀን ነገሩ ካለቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

«ጌታዬ» አለች። ድምጿ ስላልተሰማ ደገመችው። «ጌታዬ፣ ይህ መቼ ነው የተወሰነው?»

«ምኑ፣ እመቤቴ?»

ሳህኑን ወደሱ አዞረችለት። ዘውዱን አየ። ዓመቱንም አየ። ጉንጩ ትንሽ ቀለም ለቀቀ፤ ከጀርባው የቆመውን ጸሐፊውን ዞር ብሎ አየው፤ ጸሐፊው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ናሙና መሆን አለበት» አለ።

«ናሙና ቁጥር አይታተምበትም። ይህ ቁጥር አለው።»

«ይኸውልዎት...» ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስልሳ ሰው በዚህ ሳህን በላ። ሲበሉ አይቻለሁ። አንድም ሰው ከፍቶኛል አላለም። በሽተኛ ሳህን አይበላም፤ ምግቡን ነው የሚበላው። በርካሽ የተገዛ ሳህን ለመድኃኒት ገንዘብ ያተርፋል። ይህ የማንም ክፋት አይደለም።»

«በሩ ክፍት ነው ብለዋል እኮ» አለች ኢኒድ።

ምክትል ሚኒስትሩ መልስ ሊሰጣት ነበር። ነገር ግን አስተናጋጇ በመሀል ገባችና «ጨው ልጨምርልህ፣ ዳክዬ?» አለችው። ማን እንደተጠራ ሳይገባው ወዲያና ወዲህ አየ። በዚህ መሀል ከማዶው ጠረጴዛ የኦሊቭ ድምፅ መጣ፤ ለጎረቤቷ ይምሰል እንጂ ለአዳራሹ በሙሉ ነበር። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይሄኛውስ በሚያውቁት አገር መጣ።»

ሚስተር ታኒክሊፍ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጠዋል። ጨጓራቸውን ስለሚያማቸው ምሳቸውን አልነኩም፤ ስለዚህ ሳህናቸውን አልገለበጡም። ጸጥታውን ጨዋነት መስሏቸው ተነሱና ስኒያቸውን በማንኪያ ኳ ኳ አደረጉ። «አሁን» አሉ፣ «ከእኛ ዘንድ ረጅም ዘመን ያገለገለችው ኢኒድ ኮክሊ የሠራተኞቹን ስጦታ ለክቡር እንግዳችን ታበረክታለች።»

ኢኒድ ቆመች። ሣጥኑን ደረቷ ላይ ያዘችው። ስልሳ ሰው ያያታል። እጇ መስመር እንደሚያሰምር እጅ ጸጥ ብሏል። ከታኒክሊፍ ሠራተኞች የሚለውን ቃል አፏ ላይ አመጣችው፤ አልወጣም። በምትኩ የወጣው እሷም ያላሰበችው ነገር ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ወርቁ ገና አልደረቀም።»

አዳራሹ ውስጥ ሹካ ይዞ የነበረ ሰው ሹካውን አስቀመጠ።

ምክትል ሚኒስትሩ ፈገግ አለ፤ ነገሩ በመቋረጡ ደስ ሳይለው አልቀረም። «አይጨነቁ፣ እመቤቴ። ጊዜ ይፈልጋል መሰለኝ?»

«ይፈልጋል» አለች ኢኒድ። «ሲደርቅ በፖስታ እልክልዎታለሁ።»

ተቀመጠችም። መጀመሪያ የሳቀው ከኦሊቭ ጎን ያለው ሽማግሌ ነው፤ ሳቁን በመሐረቡ ሊያፍን ሲሞክር አፈትልኮ ወጣ። ከዚያ ኦሊቭ። ከዚያ ጠረጴዛ በጠረጴዛ እየተቀባበለ ሄደ። ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይነቃነቃል። ምክትል ሚኒስትሩም አብሮ ሳቀ፤ ስለ ምን እንደሚሳቅ ግን በአዳራሹ ውስጥ የማያውቁት እሱና ጸሐፊው ብቻ ነበሩ።

ሚስተር ታኒክሊፍ ኢኒድን ከኮት መስቀያው ዘንድ ያዟት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምን ማለትሽ ነው? ወርቅ አልደረቀም ብሎ ነገር ምንድነው? በዚህ ዓይነት ሰው ላይ ትቀልጃለሽ?»

«ሳህንዎን ገልብጠው ነበር፣ ሚስተር ታኒክሊፍ?»

«ሳህን? ምን ሳህን?»

ነገረቻቸው። ተመልሰው ወደ አዳራሹ ገቡ፤ አስተናጋጆቹ ከሚሰበስቡት ክምር አንዱን አንስተው ከነትራፊው ገለበጡት። አተሩ አዲሱ ወለል ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቅጣትም ስለ ንግግርም አላነሱም። በማግሥቱ ጠዋት ብቻ ወደ መዘውሯ መጡና የለንደኑ አድራሻ የተጻፈበት ካርድ ከነቴምብሩ አስቀመጡላት። «ቃል ገብተሻል» አሉ ሳያዩዋት። «እኛ እንኳ ቃላችንን እንጠብቅ። ስትወጪ ፖስታ ቤት አድርሺው።» ኢኒድ ሣጥኑን ከነካርዱ ይዛ ቤቷ ገባች።

ሁሉም ሰው አልሳቀም። ማሸጊያ ክፍል ያለች አንዲት ሴት፣ ሦስት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ፣ መጸዳጃው ደጃፍ ጠብቃ «ለቀልድሽ ማን ሊከፍል ነው?» አለቻት። «ፈገግ ብለሽ ብትሰጪው ግማሹን እንኳ ይሰጡን ነበር ይሆናል።» ኢኒድ ውሉ ፋሲካ ላይ የተፈረመ መሆኑን ልትነግራት ትችል ነበር፤ የሴትዮዋን ዓይን ስታይ ግን ማስረዳቱ ሌላ ክፉ ነገር መጨመር መሰላት። ሌሊቱን ሳይሆን ቀኑን ነው ያ ጥያቄ የሚከተላት፤ ዛሬም ድንች ስትልጥ ይመጣባታል።

ውሉ ለሌላ እንደተሰጠ የሚገልጸው የመንግሥት ደብዳቤ ከገና በፊት ደረሰ። በጥንቃቄ መርምረን ብሎ ይጀምራል። ፋብሪካው በመጋቢት ተዘጋ። በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ ብሩሹን ይዞ እንዲሄድ ተፈቀደለት፤ ወርቅ የነካ ጨርቅ ግን አንድም እንዳይወጣ በር ላይ ፈተሹ። ኦሊቭ ለፈታሹ ሁለት እጇን ዘርግታ «ጥፍሬን ትቆርጠዋለህ ወይስ አጥበዋለሁ?» አለችው። መንግሥት ሥራ አጦቹ አዲስ ሙያ እንዲማሩ አዘዘ። የሚማሩትም በዚያው በሥራ ፈጠራ ማዕከል ነው። ኢኒድ አሥር ሳምንት ጽሕፈት መኪና ተማረች። እጅ የሚንቀሳቀስበት ሥራ ነው፤ አልሆነላትም። ሻይ የሚሰጧት ጠርዙ አረንጓዴ በሆነ ስኒ ነበር። አንድ ቀንም ሳትገለብጠው ጠጥታ አታውቅም፤ ምን እንደሚል እያወቀች።

አባባሏ ከተማው ውስጥ ቀረ። ሹም አንድ ነገር ሲጠይቅ፣ ባለቤት ኪራይ ልጨምር ሲል፣ ለምርጫ የሚዞር ሰው በር አንኳኩቶ ድምፅ ስጡኝ ሲል፣ የሎንግተን ሰው «ወርቁ አልደረቀም፣ ዳክዬ» ይለውና በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል።

በሚቀጥለው በጋ ከምክትል ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት አጭር ደብዳቤ መጣ። ክቡርነታቸው ቃል የተገባላቸውን ሳህን እስካሁን እንዳልተቀበሉ፣ ምናልባት መንገድ ላይ ጠፍቶ እንደሆነ በትሕትና ይጠይቃል። ዊልፍ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ በዚያን ጊዜ ትንፋሹ ለሳቅ አይበቃም ነበር፤ በዓይኑ ነው የሳቀው።

«ምን ትመልሺለታለሽ?»

«እልካለሁ ብያለሁ» አለች ኢኒድ። «እልካለሁ።»

ሣጥኑን በወፍራም ቡናማ ወረቀት ጠቀለለችው። ገመዱን አራት ጊዜ አዞረችው፤ ቋጠሮውንም መጋጠሚያው እንዳይታይ አድርጋ ከሥር ደበቀችው። ካርዱን ለጠፈች፤ ቴምብሮቹን እርስ በርስ እኩል አድርጋ ደረደረች። በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ የሥራ አጥ አበሏን ልትቀበል ወደ ፖስታ ቤት ስትሄድ ይዛው ልትወጣ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው።

ፖስታ ቤቱ ከቤቷ ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ኢኒድ ኮቷን ለበሰች፣ ጃንጥላዋን ያዘች፣ ዊልፍ ምን እንዲገዛለት እንደሚፈልግ ጠየቀችው፤ ስድስት የአጃ ቂጣ አለ። ጥቅሉን ከበሩ አጠገብ አነሳችና ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከስድስቱ ነጭ የሠርግ ሳህኖቿ በላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወጥታ በሩን ዘጋች።